ቢፍቱ ያልሸጠችው ብር

ቢፍቱን ለጉድ የዳረጋት ጽዳት መውደዷ ነው። በጠመንጃ ያዥ መንደር እንደ እሷ የሚያጥብ፣ የሚፈትግ፣ የሚወለውል ሰው አልተፈጠረም። በትንሿ የባልትና ሱቋ የምትሸጠውን በርበሬ ደጋግማ ትለቅመዋለች፤ ሽሮዋን ነፍታ ነፍታ አትጠግብም። እንግዳ ይመጣል ከተባለማ ቤቷ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ መከራውን ያያል። እና የሚመጣው እንግዳ ፍሬሰላም ስትሆን ምን ይደረግ? ወንበሩ ታጠበ፣ መጋረጃው ታጠበ፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር ወርዶ ታጠበና መሥራቱን አቆመ። የሚታጠብ ነገር ሲጠፋ ከሳጥኗ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረውን የመታሰቢያ ብር አወጣች።

"እንዴት ጠቁሯል እባካችሁ!" አለች ለራሷ። "ስንት ዘመን ቆይታ የምትመጣ ሰው ዕቃዋን እንዲህ ከሰል መስሎ ታግኘው?"

አመድ በሎሚ ለውሳ ፈተገችው። አልበቃትም። የድስት ማጠቢያ ሽቦ ይዛ በረንዳ ላይ ቁጭ አለችና ክንዷ እስኪዝል ፋቀችው። ላዩ ላይ የተቀረጸው የንጉሡ ዘውድ ቦግ አለ፤ ከጀርባው ያለው አንበሳም ጎፈሩ ተለይቶ ወጣ። እሰይ አለች። እሰይ ብላ ሳትጨርስ የንጉሡ ጉንጭ ላይ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ዝገት መስሏት እሱንም ፋቀችው። ቢጫው ሰፋ። ጉንጩን አልፎ አፍንጫው ላይ ሲደርስ ቢፍቱ ሽቦውን ወርውራ ተነሣች።

"ኧረ በስመ አብ! ምን አድርጌ ነው?"

ምነው እጄን በቆረጠው አለች፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ብሩ የራሷ ቢሆን ባልተንቀጠቀጠች። የራሷ አይደለም፤ አደራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ አገሮች ጦርነት በተነሣ ጊዜ ፍሬሰላም ወደ አስመራ የምትሄድበት ቀን ተቆረጠ። ባሏ ጻድቃን ቀድሟት ሄዷል፤ ዘመድ የሚባል አጠገቧ አልቀረም። ጡት ያልጣለው ልጇ ተክለኣብ ደግሞ በሳንባ ምች ወድቆ ነበር። ሐኪሙ "ይህን ሕፃን ይዘሽ መንገድ ከወጣሽ አይተርፍልሽም" አላት። ፍሬሰላም ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ለግድግዳ ወደምትጎራበታት ወደ ቢፍቱ ገባች። ቢፍቱ ያኔ ከአምቦ መጥታ፣ ባል አግብታ፣ ባሏም ሞቶባት ልጅ ሳትወልድ የቀረች ወጣት ሴት ነበረች። ምንም ሳትጠይቅ እጇን ዘርግታ ሕፃኑን ተቀበለች።

ፍሬሰላም ግን "ባዶ እጄን ልጄን ጥዬብሽ አልሄድም" ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና ብሩን ቋጥራ ሰጠቻት። አባቷ በጃንሆይ ዘመን በሥራው ተመስግኖ የተሸለመው የመታሰቢያ ብር ነበር። "ሲጠናብሽ ሽጪው። ልጄን እስካስመጣው ድረስ አደራ፣ እትዬ ቢፍቱ፤ አደራ" አለቻት። ትንሽ ጊዜ ነው ብለው ተላቀሱ። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቆረጠ፣ ትንሿ ጊዜ ሃያ ምናምን ዓመት ሆነች። ልጁ አደገ። ብሩም ሳይሸጥ ቀረ።

አሁን ፍሬሰላም በመጨረሻ ወረቀቷ አልቆላት፣ በሌላ አገር ዞራ፣ ቅዳሜ ልትገባ ነው። ገብታ የአባቷን ብር ስትቀበል ምን ልታይ ነው? ቢጫ ጉንጭ ያለው ንጉሥ! ምን ልትል ነው? "ብሩን ሸጣ በልታ በነሐስ ቀየረችብኝ" ነዋ! ሌላ ምን ትላለች? በእኛ አገር ሌባ የተባለ ታስሮ ይፈታል፤ አደራ በላ የተባለ ግን ስሙ ከልጅ ልጁም ላይ አይወርድም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብለው አባቶች የተናገሩት ለዚህ ነው። ቢፍቱ በዚህ ዓለም ያላት ሀብት ስሟ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ በሽቦ ተፋቀ።

ተክለኣብ ከሥራ ሲገባ እናቱ ሳጥኑ ላይ ተደፍታ አገኛት። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዘርጊ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን ጥሎ ሮጠ።

"እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?"

"እኔ!" አለችው።

ብሩን አሳየችው። አገላብጦ አየውና "ታዲያ ቀለሙ ለቀቀ እንጂ ምን ሆነ?" አለ። ወንድ ልጅ ምን ያውቃል! ቢፍቱ አፍጥጣ ስታየው አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለባት። ሂድ አለችው ሐሳቡን፤ አልሄድ አላት። ሳጥኑ የሚከፈተው በሁለቱ ብቻ ነው።

"ተክሌ ኮ" አለችው። ስታቆላምጠውም ስታፍርም በኦሮምኛ 'የኔ' ማለቷ ነው። "እ... ልጅ ሳለህ ይህን ብር ነክተኸው ታውቃለህ?"

ልጁ ብሩን አስቀመጠው። "ሰርቀህ ቀይረኸው ይሆን ወይ ማለትሽ ነው?"

"አፈር ልብላ! መች ወጣኝ?"

"ወጥቶሻል እኮ፣ እማዬ።" ተቀየመ። ዞር አለና ጫማውን መፍታት ጀመረ። ቢፍቱ ምላሷን ብትውጠው ወደደች። ትንሽ ቆይቶ ጎንበስ እንዳለ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀ ነው። "እኔ ከዚህ ቤት የሰረቅሁት ስኳር ነው። እሱንም ጉንጬን ጨምቀሽ አስተፍተሽኛል። ብር ብሰርቅማ ሆዴን ቀደሽ ታወጪው ነበር!"

ጎትታ አቅፋ ግንባሩን ሳመችው። ይቅር በለኝ ለማለት አፏን ስትከፍት "ይልቅ ተነሺ" አላት። "ሳናስመረምረው ለምን እንሞታለን? ነገ ወይዘሮ ዘሀራ ጋ እንሂድ።"

ወይዘሮ ዘሀራ ተክለ ሃይማኖት አደባባይን አልፎ፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር የብር ጌጣጌጥ የምትገዛና የምትሸጥ ሴት ናት። አምባሩ፣ አልቦው፣ የአንገት መስቀሉ፣ የጥንቱ ብር፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። የቢፍቱ የድሮ ደንበኛም ናት፤ በርበሬ ከሌላ ሰው ገዝታ አታውቅም፣ የገዛችውን በርበሬ ሳትነቅፍም ውላ አታውቅም።

"ባለፈው የሰጠሽኝ በርበሬ ጨው በዝቶበታል" አለች ገና ቢፍቱ ከደጁ ብቅ ስትል።

"ዛሬ ለበርበሬ አይደለም የመጣሁት፣ ዘሀራ። ነፍሴን ይዤ ነው የመጣሁት" አለችና ቋጠሮውን የጌጥ መደርደሪያው መስታወት ላይ ፈታችው።

ዘሀራ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ብሩን እንዳየችው ደረቷን መታች። "ማነው እንዲህ አድርጎ የገደለው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በአመድና በሎሚ።" ቢፍቱ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። "በሽቦም።"

"በሽቦ! ያ ረቢ! የጥንት ብር ይታጠባል እንዴ? የጥንት ብርን ሰው የሚወደው ጥቁረቱን እኮ ነው! ዕድሜው እሱ ነው። ይኼ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዋጋውን ራስሽ ጠርገሽ ከአመዱ ጋር ደፍተሽዋል።"

"ዋጋው ገደል ይግባ! እውነተኛ ይሁን እንጂ! እሱን ብቻ ንገሪኝ" አለች ቢፍቱ። ተክለኣብ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

ዘሀራ ከመሳቢያዋ ሌላ የመታሰቢያ ብር አወጣች፤ ያው ንጉሥ፣ ያው አንበሳ። በግራ እጇ የራሷን፣ በቀኝ እጇ የቢፍቱን ይዛ ዓይኗን ጨፍና መዘነቻቸው። ከዚያ የራሷን ብር በጥፍሯ ጫፍ አንጥራ እብነ በረድ ቁራጭ ላይ ጣለችው። ትንንን አለና ድምፁ ሱቁ ውስጥ ቆየ፤ ከደጅ የሚጮኸው የታክሲ ረዳት እንኳ ሊሸፍነው አልቻለም። ቀጥላ የቢፍቱን ጣለችው። ጧ አለና በቃ ዝም።

"ትናንት ሳጥበው ውኃ ገብቶበት ይሆናል" አለች ቢፍቱ በጭንቀት። "እስቲ ድገሚው።"

"ብር ጉንፋን አይዘውም፣ ቢፍቱ" አለች ዘሀራ፤ ሆኖም አዘነችላትና ደገመችው። ጧ።

በማጉያ መስታወት ጠርዙን ለተክለኣብ አሳየችው። በእውነተኛው ብር ጠርዝ ላይ ደቃቅ ጥርሶች ዙሪያውን እኩል ተሰልፈዋል፤ የቢፍቱ ላይ ግን አንድ ቦታ ጥርሱ ይጠፋና ልሙጥ መስመር ይሻገረዋል። "እዚህ ጋ ሁለት ቅርጽ ነው የተጋጠመው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ነገር ነው እንጂ በማኅተም የተመታ አይደለም። ፊደሎቹንም እይ፣ ልጄ፤ ያለቀ ሳሙና ይመስላሉ።" በመጨረሻ ከጠርሙስ አንዲት ጠብታ የመፈተኛ አሲድ በሽቦ የተፋቀው ጉንጭ ላይ አሳረፈች። ጠብታዋ ፈላችና አረንጓዴ ሆነች።

"ነሐስ ነው" አለች ዘሀራ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ላዩን ብቻ ብር የተቀባ ነሐስ። ሠሪው ጎበዝ ነው፤ እኔም በጥቁረቱ ብቻ ባየው ልታለል እችል ነበር።"

ቢፍቱ አሁን ተቀመጠች።

"ሰው ለውጦብኝ ይሆን?"

"እኔን ከጠየቅሽኝ የቆየ ሥራ ነው። ቅቡ አብሮት አርጅቷል። አንቺ እጅ ሲገባም እንዲሁ የነበረ ይመስለኛል።"

"ለአንቺ ይመስልሻል። ለእሷስ? 'ዘሀራ እንዲህ መሰላት' ብዬ ልንገራት?"

"እኔው ራሴ ቅዳሜ እመጣና እመሰክርልሻለሁ!"

"ተይ እባክሽ! ምስክር ጎትቶ የሚቀርብ ሰው እኮ ነው ሌባ የሚመስለው!"

ዘሀራ ልትቆጣ ነበር፤ የቢፍቱን ፊት አይታ ተወችው። ያን ጊዜ ተክለኣብ ጉሮሮውን ጠራረገና እውነተኛውን ብር በጣቱ ነካ አደረገ። "ይኼስ ስንት ነው፣ ወይዘሮ ዘሀራ? እየከፈልኩ ልውሰደው?" አለ። ወደ እናቱ ዘወር ብሎም "ያው ንጉሥ ነው፣ እማዬ። ያው አንበሳ ነው። በነጠላው ቁራጭ ቋጥረን እንሰጣታለን። እሷም ደስ ይላታል፣ አንቺም ታርፊያለሽ" አላት።

ዘሀራ እውነተኛውን ብር አንሥታ ቢፍቱ መዳፍ ላይ አኖረችው። አቤት አከባበዱ! ቀዝቃዛ፣ ጥቁር፣ ኩሩ ነገር ነው። ቢፍቱ ጣቶቿን አጠፈችበት። መቼም መልአክ አይደለችም፤ ፈለገችው። ማን ያውቅባታል? ዘሀራ አፏ እንደ ሳጥኗ የተቆለፈ ነው። ልጁ የራሷ ነው። ፍሬሰላም ብትሆን ቋጥራ የሰጠችውን ብር ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ በምን ትለየዋለች? ቢፍቱ ይህን ሁሉ አሰበች፤ ብሩም በእጇ ውስጥ እየሞቀ ሄደ።

"ውሰጅው" አለችና መለሰችላት። "የሌላ ሰው አባት ብር ነው። የፍሬሰላም አባት ብር ይኼ ነው፤ ቢጫም ይሁን አረንጓዴ። አደራ የሚመለሰው እንደ ተሰጠ ነው። ብሰደብም እሰደባለሁ፤ ሐሰት ጨምሬበት ግን አልሰደብም።"

"ትሰደቢያለሽ እንግዲህ" አለች ዘሀራ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። "ግትር! በርበሬሽም እንደ አንቺ ነው።" ለምርመራው ሒሳብ ሊከፍል ተክለኣብ ኪሱን ሲዳብስ እጁን በጥፊ መታችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለቢፍቱ ቀን አልነበሩም። በርበሬ ስትለቅም የምትለውን ትለማመዳለች። "ፍሬ፣ ልደታ ምስክሬ ናት፣ እጄ አልነካውም" ትልና ይኼ የሌባ ንግግር ነው ብላ ትተወዋለች። "ፍሬ፣ አመድ አፋሽ ሆንኩልሽ" ትላለች፤ ይኼም መማረር ሆነባት። አርብ ዕለት በጠዋት ልደታ ሄዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆመች። ብዙ አልጸለየችም። "እመቤቴ፣ ልጁን በሰላም አሳድጌአለሁ፤ ለብሩ ደግሞ አንቺ እወቂልኝ" ብላ ተመለሰች።

ቅዳሜ ተክለኣብ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ይዟት መጣ። ቢፍቱ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ከታክሲው አንዲት የከሳች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ወረደች። ያቺ ጉንጨ ሙሉ ፍሬሰላም የት ሄደች? ከዚያ ሴትዮዋ "እትዬ ቢፍቱ!" ብላ ስትጮኽ ድምፁ ያው የጥንቱ ሆነ። ተያይዘው ደጁ ላይ አለቀሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አለቀሰ፤ ያላወቃት እንኳ አለቀሰ። ተክለኣብ ሻንጣ ይዞ መካከላቸው ቆሞ የማንን እንባ እንደሚጠርግ ግራ ገባው።

ምሳ ቀረበ፣ ጎረቤት በልቶ መርቆ ወጣ፣ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ፍሬሰላም እህል በወጉ አልቀመሰችም። ልጇን አይታ አትጠግብም፤ እጁን ይዛ "ወደይ፣ ወደይ" ትላለች፤ በትግርኛ 'ልጄ፣ ልጄ' ማለቷ ነው። ወደ ቢፍቱ ስትዞር ግን ዓይኗ ይሸሻል። አንዴ ሳጥኑን ታያለች፣ አንዴ ወለሉን። ቢፍቱ ይኼን አየች። ሳትነግራት ጠርጥራታለች ማለት ነው! እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል፤ ምን ቀረው ብላ ተነሣች። ሳጥኑን ከፈተች። ቋጠሮውን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት።

"ፍሬ፣ አደራሽ።"

ፍሬሰላም ቋጠሮውን አልፈታችውም። የነጠላዋን ጥለት ዐወቀችው። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

"አልሸጥሽውም?" አለች ቀስ ብላ።

"አልሸጥኩም። ግን ስሚኝ፣ ፍሬ..." ቢፍቱ የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት። ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። ቢጫ ጉንጩ ወጣ። "አንቺ መጣሽ ብዬ በሽቦ ፋቅሁት። እንዲህ ሆኖ ወጣ። ወይዘሮ ዘሀራ ጋ ወሰድኩት፤ ነሐስ ነው አለች። እኔ አልቀየርኩትም። እንዴት ብዬ እንደማሳምንሽ አላውቅም። ሌላ ገዝቼ ልሰጥሽ እችል ነበር፤ ግን ያንቺ ይኼ ነው። የሰጠሽኝ ይኼ ነው..."

"ተይ፣ እትዬ ቢፍቱ፣ ተይ!" ፍሬሰላም ከወንበሩ ተንሸራታ ተንበረከከች። "አውቃለሁ! ነሐስ መሆኑን አውቃለሁ!"

ፍሬሰላም የቢፍቱን ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

"ልጄን የሰጠሁሽ ሳምንት እኔው ራሴ ልሸጠው ይዤው ወጥቼ ነበር። በእጅሽ ገንዘብ ላኖርልሽ። ብር ሠሪው መትቶ መትቶ 'ይኼ ሐሰት ነው፣ እህቴ' አለኝ። አባቴ እውነተኛውን ቸግሮት ሸጦ፣ እንዳናውቅበት ይኼን ተክቶት ይሁን፣ እሱ ሞቷል፤ ማንን ልጠይቅ? በማግስቱ መሄጃዬ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረኝም። ባዶ እጄን ልጄን ብሰጥሽ እንዳትመልሺብኝ ፈራሁ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደሚባለው አደረግሁሽ።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "አስመራ ሆኜ በየቀኑ ዛሬ ሸጠችው፣ ዛሬ አወቀችብኝ፣ ዛሬ ልጄን ከደጅ አወጣችው እላለሁ። ስልክ የተከፈተ ጊዜ ስለ ብሩ ልትሰድቢኝ ነው ብዬ ጆሮዬ ላይ ማድረግ አቅቶኝ ነበር። አንቺ ግን 'ልጅሽ ቁመቱ በሩን አልፏል' አልሽኝ። ያኔም አልነገርኩሽም። ዛሬም አፌን ሳልከፍት አንቺ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ!"

ቢፍቱ ብሩን አነሣችው። ተክለኣብ አንዴ እሷን አንዴ ብሩን ያያል።

"ነሐስ!" አለች ቢፍቱ። ድምጿ ሊቆጣ ተነሣና መንገድ ላይ ጠፋ። "ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንከራተት በጡቴ መካከል ይዤው የዞርኩት? ሌባ ፈርቼ ስንት ጊዜ ያልተኛሁለት? ነሐስ?"

"ስደቢኝ፣ እትዬ። ምቺኝ።"

ቢፍቱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ልጁን በእጇ ጠራችው። "ና እዚህ፣ ተክሌ ኮ። አንተም ስማ፤ ለአንተም ነግሬህ አላውቅም።" ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ነው የምትናገረው። "ተስቦ ይዞኝ ከአልጋ የተነሣሁበት ክረምት ነው። አንተ ገና ትምህርት ቤት አልገባህም። ጎርፍ ገብቶ የበርበሬ ጆንያዬን ሁሉ አበስብሶታል። አከራዩ ውጪልኝ ብሎኛል። የምበላውም የማበላህም የለኝም። በቃ ማሳደጊያ ወስጄ ልስጠው አልኩ። ቢያንስ እህል ይበላል አልኩ። ልብስህን አጥቤ፣ ራስህን ላጭቼ፣ እጅህን ይዤ ወጣሁ። አንተ ሽርሽር መስሎህ እየዘለልክ ነው።"

ተክለኣብ ጠጋ አላት።

"አብነት ሰፈር ስንደርስ ያ ዶፍ መጣና የሰው በረንዳ ሥር ተጠለልን። በረደህና ጉያዬ ገባህ። ላለብስህ ነጠላዬን ስገልጥ እጄ ብሩን ነካው። ቆይ አልኩ። እኔ ብር እያለኝ ነው ልጅ የምሰጠው? ብሩ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው እንጂ! ይኼ ካለኝማ ገና ምን ሆንኩ? ዝናቡ ሲያባራ ይዤህ ተመለስኩ። ብሩን ነገ እሸጠዋለሁ ብዬ። በነጋው ሰው ቤት ልብስ አጥቤ ራት ገዛሁ፤ ብሩን ለነገ አልኩት። እንዲህ ነገ ነገ ስል፣ ብር አለኝ እያልኩ ስታበይ፣ አንተ አደግህ።"

ወደ ፍሬሰላም ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣም የለ፣ ቂምም የለ፤ እንባው ብቻ ያለ ከልካይ ይወርዳል።

"ነሐስ መሆኑን ያን ቀን ባውቅ ኖሮ፣ ፍሬ፣ ዛሬ የማስረክብሽ ልጅ አልነበረኝም። እንኳንም አልነገርሽኝ። እንኳንም ዋሸሽኝ! እኔ ነኝ እግዜር ይስጥሽ የምል።"

ፍሬሰላም የቢፍቱን እግር ልትስም ወደቀች። ቢፍቱ ብብቷን ይዛ አነሣቻትና ከጎኗ አስቀመጠቻት። ያን ጊዜ ተክለኣብ በሁለቱ ፊት ተንበረከከ። የወለደችውን እናቱን ጉልበት ሳመ። ከዚያ የቢፍቱን ጉልበት ሁለት ክንዱን ጠምጥሞ ያዘና ግንባሩን አስደግፎ ብዙ ቆየ።

"እማዬ" አላት ቀና ሳይል። "ለማሳደጊያ ስላልሰጠሽኝ።"

"ዝም በል" አለችው ራሱን እየዳሰሰች። "ተመስገን በል።"

"ተመስገን" አሉ ልጁም ፍሬሰላምም።